«ዕድሜ ነው» ከማለታችን በፊት ትንፋሻቸውን እንለካ



በየካ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው ዳገት አዲስ ነገር አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ጋራ፣ ከኮተቤ ወደ ካራ፣ ከቀበና ወደ ጉራራ የሚወስደው መንገድ ሁሉ ወደ ላይ ነው። በዚህ ዳገት ላይ አጥር ተደግፈው የሚያርፉ እናቶችንና አባቶችን ዕለት ዕለት እናያለን። ሰላምታ እንሰጣቸዋለን፤ «ምነው፣ ደከመዎት?» እንላለን። «ዕድሜ ነው ልጄ፤ አልሐምዱሊላህ» ይሉናል። እኛም ዱዓ አድርገንላቸው እናልፋለን።

አላህን ማመስገናቸው ከኢማናቸው የመነጨ ነው። «ዕድሜ ነው» የሚለው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ዕድሜ ጉልበትን ይቀንሳል፤ እርምጃን ያዘገያል። ሆኖም ጤነኛ ሳንባና ጤነኛ ልብ ያላቸውን አዛውንት ደልዳላ መንገድ ላይ በየመቶ ሜትሩ አያስቆማቸውም። እንዲህ የሚያስቆም ነገር ካለ ስም ያለው፣ ሐኪም ሊያየው የሚገባ በሽታ አለ ማለት ነው።

በዚህ ወር ማሳሰብ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ አለበት ተብሎ የሚጠረጠርን ሰው «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሲንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚችል መለካት አለበት። ለመለካት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓትና ጥቂት ደልዳላ ቦታ ለመጀመሪያው እርምጃ ይበቃሉ።

በሽታው እንዴት ይደበቃል?

አላህ (ሱ.ወ.) ሳንባችንን የፈጠረው ለዕለት ኑሯችን ከሚበቃን በላይ አድርጎ ነው። ተቀምጠን ስናወራ የምንጠቀመው ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የሳንባችን ብዙ ክፍል ቢጎዳ እንኳ ቁጭ ባልንበት ላይታወቀን ይችላል። ጉዳቱ የሚገለጠው ስንራመድ፣ ዳገት ስንወጣ፣ ጀሪካን ስናነሳ ነው።

ሰው ግን የሚያደክመውን ነገር ሳይታወቀው ይተወዋል። አባታችን ቀድሞ ለጁምዓ ራቅ ወዳለው መስጊድ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ከጊዜ በኋላ በታክሲ መሄድ ጀመሩ። ቀጥለው ቅርብ ያለውን መስጊድ መረጡ። አሁን ደግሞ አብዛኛውን ሶላት ቤት ውስጥ ይሰግዳሉ። እናታችን ገበያ መውጣቱን ለልጃቸው ሰጡ፤ ልብስ ማጠቡን ለሠራተኛ ተዉ፤ ተራዊሕን ቆመው ይጨርሱ የነበሩት ከሁለተኛው ረከዓ በኋላ መቀመጥ ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት ይሰጣሉ፤ ጉልበት፣ ብርድ፣ ፀሐይ፣ የመንገድ መቆፈር ይባላል። ስለ ትንፋሽ የሚያነሳ ግን የለም።

እኚህ እናት ጤና ጣቢያ ሄደው «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ተብለው ቢጠየቁ «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ዋሹ ማለት አይደለም። የሚያሳጥራቸውን ሁሉ ትተውታልና እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «አምና ይሠሩት የነበረ፣ ዘንድሮ የተዉት ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ጭሱ ከየት መጣ?

ስለ ሳንባ በሽታ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሲጋራን ነው። ሲጋራ በእርግጥ ዋነኛው ጠላት ነው። ጫት በሚቃምባቸው ዝግ ክፍሎች የሚጨሰው ሲጋራና ሺሻም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ ጎጂነቱ ለአጫሹ ብቻ ሳይሆን እዚያው ለተቀመጠው ሁሉ ነው። ነገር ግን በአገራችን አንድም ቀን ሲጋራ በአፋቸው ሳያደርጉ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች ብዙ ናቸው። የእነርሱ ሲጋራ ምድጃው ነው።

የእንጦጦን ታሪክ እናስታውስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ ከተማ ማገዶ ሲያጥራት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር እንዲመጣ ተደረገ። ዛፉ ጋራውን ሸፈነው፤ ከተማዋም ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚሁ ዛፍ እንጀራዋን ጋገረች። ማገዶውንና ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የማያንስ ነበር። ጋራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው። እነዚህ እናቶች ቀን በዚያ አየር ተሸክመው ወርደው፣ ማታ ደግሞ መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደዱ ይጋግሩ ነበር። ሕፃኑም ከጀርባቸው አይወርድም ነበር።

ዛሬ ብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና መብራት ሲጠፋ ወይም አቅም ሲያጥር ወደ ማገዶውና ወደ ከሰሉ የሚመለሰው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሳንባ ደግሞ የ20 እና የ30 ዓመቱን ጭስ አይረሳም። ከጭሱ ሌላ ቀድሞ የታከመ የሳንባ ነቀርሳ የተወው ጠባሳ፣ በወጉ ያልታከመ አስም፣ የድንጋይ መፍለጫና የሲሚንቶ አቧራም ለዚህ በሽታ ያጋልጣሉ።

በሐኪሞች አጠራር ሲ.ኦ.ፒ.ዲ የሚባለው፣ የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ የሚሄዱበት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድሏል። ከ70 ዓመት በታች ሆነው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የበሽታው ሸክም የወደቀው እንደኛ ባሉ አገሮች ላይ ነው ማለት ነው።

አንደኛው መለኪያ፤ አምስቱ ደረጃዎች

እ.ኤ.አ. በ1952 ቻርልስ ፍሌቸር የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ትንፋሽ ማጠርን በደረጃ የሚከፋፍል አጭር መጠይቅ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ያጠኑ የነበረው በዌልስ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ሲሠሩ ሳንባቸው በአቧራ የተጎዳ ሠራተኞችን ነው። ይኸው መጠይቅ ጥቂት ተሻሽሎ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ደረጃዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

0 — ትንፋሽ የሚያጥረው ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው።
1 — ደልዳላ መንገድ ላይ ሲጣደፍ ወይም ቀለል ያለ ዳገት ሲወጣ ያጥረዋል።
2 — ደልዳላ መንገድ ላይ በትንፋሽ ምክንያት ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወይም በራሱ እርምጃ ሲሄድ እንኳ ለመተንፈስ ይቆማል።
3 — ደልዳላ መንገድ ላይ 100 ሜትር ያህል ወይም ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ ለመተንፈስ ይቆማል።
4 — ከቤት መውጣት ያቅተዋል፤ ወይም ልብስ ሲለብስና ሲያወልቅ ያጥረዋል።

ዛሬ ሐኪሞች 2ኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን ልዩ ትኩረት የሚሻ አድርገው ይይዙታል። እኛ የየካ ሰዎች ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። መጠይቁ ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ የሚለው «ደልዳላ መንገድ» ነው። የጉራራን ዳገት ሲወጡ መቆምን ደልዳላ ላይ ከመቆም ጋር ካደባለቅነው ጤነኛውን በሽተኛ እናደርገዋለን። የተሻለው ዘዴ ከእኩያ ጋር ማወዳደር ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሁለት የአንድ ዘመን ጓደኛሞች አብረው ይወጣሉ። አንደኛው ሁልጊዜ ቆሞ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ሰው 2ኛ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላልና ይመርመር።

ሌላም ማሳሰቢያ አለ። ሲጠየቁ መልሱን ለራሳቸው ብቻ አትተዉት። አብሯቸው የሚኖር ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛም ይጠየቅ። የተተወውን ሥራ የሚያውቀው ሥራውን የተረከበው ሰው ነው።

ሁለተኛው መለኪያ፤ የአንድ ደቂቃ ወንበር

ይህ መለኪያ ጠባብ ክፍል ውስጥም ይሠራል። ቁመቱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ መደገፊያ እጅ የሌለው ወንበር ከግድግዳ ጋር ይደረጋል፤ እንዳይንሸራተት ነው። ተመርማሪው ይቀመጣል፤ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምራል። «ጀምር» ሲባል በራሱ አቅም ሙሉ በሙሉ እየቆመና እየተቀመጠ ለ60 ሴኮንድ ይቀጥላል። ሲደክመው ማረፍ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ስንት ጊዜ ቆሞ እንደተቀመጠ ተቆጥሮ ይጻፋል።

ከፈተናው በፊትና በኋላ «ከ0 እስከ 10 ቢቆጠር ትንፋሽዎ ምን ያህል አጠረ?» ተብሎ ይጠየቃል። 0 ምንም፣ 10 ደግሞ ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ነው። ይህን የ10 ነጥብ መለኪያ ያዘጋጁት ጉናር ቦርግ የተባሉ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ ሦስት ያህል ጊዜ ጨምሮ መቆም ከቻለ፣ ወይም እኩል ቆሞ የትንፋሽ ነጥቡ ከ7 ወደ 4 ከወረደ ሕክምናው እየሠራ ነው።

አንዳንድ አንባብያን «ሶላት ራሱ መቆምና መቀመጥ አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። በሶላት ውስጥ መቁጠርና መለካት ግን ኹሹዕን ያሳጣልና አይገባም። ለፈተናው ሌላ ጊዜ አለ። ከሱጁድ ተነስተው ፋቲሓን ለመጀመር ትንፋሽ እስኪመለስ የሚጠብቁ ወላጅ ካሉን ግን ያ ምልክት ስለሆነ ልብ እንበለው።

ይህ ፈተና ደረቱን ለሚያመው፣ በቅርቡ የልብ ሕመም ላጋጠመው፣ ቁጭ ባለበት ትንፋሽ ለሚያጥረው ወይም ለሚያዞረው ሰው ቤት ውስጥ አይደረግም። ለእነርሱ የሚሻለው ቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ፤ የስድስት ደቂቃ እርምጃ

እ.ኤ.አ. በ1968 ኬኔዝ ኩፐር የተባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የሰውን ብቃት በ12 ደቂቃ ሩጫ መለካት ይቻላል አሉ። በ1976 የብሪታንያ ሐኪሞች ሩጫውን ወደ እርምጃ ለውጠው ለሳንባ በሽተኞች አዋሉት። በ1982 ወደ 6 ደቂቃ አጠረ። በ2002 ደግሞ የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ወጥ መመሪያ አወጣለት።

አሠራሩ ይህ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ደልዳላ መንገድ ይለካል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት ይደረጋል። ተመርማሪው በ6 ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ይመላለሳል። መሮጥ የለም፤ ቆሞ ማረፍ ግን ይፈቀዳል። መጨረሻ ላይ የተጓዘው ርቀት በሜትር ይጻፋል። የሲ.ኦ.ፒ.ዲ በሽተኛ ከ350 ሜትር በታች ከተጓዘ በሽታው እንደጠናበት ያመለክታል። በሌላ በኩል በሁለት ፈተናዎች መካከል የ30 ሜትር ያህል ልዩነት ከታየ ሰውየው በእርግጥ ተሻሽሏል ወይም በእርግጥ ደክሟል ማለት ነው። ይህን ፈተና ባለሙያ ባለበት ማድረጉ ይመረጣል።

ስለ ሌሎች መሣሪያዎችና ስለተሳሳቱ ፈተናዎች

ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባለው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ በኃይል ሲነፋበት የአየሩን ፍጥነት ያሳያል። ሦስት ጊዜ ይነፋና ትልቁ ቁጥር ይያዛል። በተለይ ጠዋትና ማታ የሚለዋወጠውን አስም ለመከታተል ጠቃሚ ነው።

ጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በብዙ ቤት ይገኛል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ያሳያል። ስለ እርሱ ሦስት ነገር እንወቅ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የጤነኛው ሰው ቁጥር ለምሳሌ ጅዳ ካለው ሰው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በዚህ መደናገጥ አያስፈልግም። ቁጭ ባሉበት ወደ 90 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ሁለተኛ፣ ቁጭ ብለው ሲለኩት ደህና የሆነ ቁጥር ከእርምጃ በኋላ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከወንበሩ ፈተና በፊትም በኋላም ይለካ። ሦስተኛ፣ የጥፍር ቀለምና የጠቆረ ሒና ንባቡን ሊያዛቡ ይችላሉ። እኅቶች ያልተቀባውን ጣት ይስጡ። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር እንደሚያሳይም በጥናት ታይቷልና ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ከተጨነቀ ሰውየውን እንመን።

በ1959 አሜሪካውያን ሐኪሞች የክብሪት ፈተና የሚባል ነገር አስተዋውቀው ነበር። ከአፍ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚበራን ክብሪት አፍን በሰፊው ከፍቶ፣ ከንፈርን ሳያሞጠሙጡ በትንፋሽ ማጥፋት ነው። ማጥፋት ያቃተው ሰው የአየር ቧንቧው ጠቦ ሊሆን ይችላል። ያጠፋ ሁሉ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ከታሪክነቱ ያለፈ ቦታ ባንሰጠው ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው በ2020 በስልክ ሲሰራጭ የነበረው ነው። «ትንፋሽህን 10 ሴኮንድ ከያዝህ ሳንባህ ጤነኛ ነው» ይል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ስህተት መሆኑን አስታውቋል። ትንፋሽ መያዝ የሳንባ በሽታ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ዛሬም ይህን ፈተና የሚያምን ሰው ስላለ ደግመን እናሳስባለን።

መለኪያው በር እንጂ ቤት አይደለም

ከላይ የዘረዘርናቸው ፈተናዎች በሽታውን በስሙ አይጠሩም። ሲንቀሳቀሱ ትንፋሽ ማጠር ከሳንባ ብቻ አይመጣም። የልብ ድካም፣ የደም ማነስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መደረግ አለበት።

ሲ.ኦ.ፒ.ዲን የሚያረጋግጠው ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1846 ጆን ሀቺንሰን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ጥናታቸውን ሲያሳትሙ ነው። ሰውየው አየር የሚከፍት መድኃኒት ከሳበ በኋላ በሙሉ ኃይሉ ይተነፍሳል። በመጀመሪያው አንድ ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ይባላል። ይህ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አስፈላጊ ከሆነ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ትላካላችሁ።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በአንዲት ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ደረጃውን (ከ0 እስከ 4)፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደቆሙ፣ የትንፋሹን ነጥብ፣ ስንት ዓመት በጭስ እንደጋገሩና ባለፈው ዓመት የተዉትን ሥራ ጽፋችሁ ያዙ። ብዙ ሰው ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሐኪም ይህች ወረቀት ትልቅ እገዛ ናት።

ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ማጠር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ማቃት፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መሰማያዊት፣ የደረት ሕመም፣ መደናገርና ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየ ግን መለካት አያስፈልግም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«መድኃኒት ለሌለው በሽታ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ

አንዳንዶች «አይድንም ከተባለ ማወቁ ጭንቀት መጨመር ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የተጎዳው ሳንባ እንደ ቀድሞው እንደማይሆን እውነት ነው። ነገር ግን ጭሱ ከቆመ ጉዳቱ ይዘገያል፤ የሚሳበው መድኃኒት ቧንቧውን ይከፍታል፤ በባለሙያ የተመጠነ እርምጃና የእግር እንቅስቃሴ ደግሞ ሳንባው ሳይለወጥ ሰውየው ራቅ ብሎ እንዲሄድ ያስችላል። ከ3ኛ ደረጃ ወደ 2ኛ የተመለሰ አባት የጀመዓ ሶላቱን መልሶ አገኘ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው ወይ?

«ፐፍ ሱስ ይሆናል» የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም። ፐፉን ደጋግሞ የሚያስፈልገው በሽታው ስላለ ነው። መድኃኒቱ ሰውን አያስሰውም። የሚያሳዝነው በዚህ ወሬ የተነሳ መድኃኒቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው የሚታፈኑ መኖራቸው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ትልቁ መሣሪያ ሳይኖር ወንበርና ሰዓት ምን ይሠራል?» ይላሉ። እኛ የምንለው ግን ትልቁ መሣሪያ ጥቂት ቦታ ብቻ ስላለ ማን ቀድሞ ወደ እርሱ መላክ እንዳለበት የሚነግረን ወንበሩና ሰዓቱ ነው። ካልለካን የሚላከው መናገር የሚችለው ሰው ብቻ ይሆናል። ዝም የሚሉት እናቶች ቤት ይቀራሉ።

ማዕድና ዒባዳ

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሲበላም ይደክመዋል፤ ስለዚህ ምግብ ይቀንሳል፤ ጡንቻው ይመነምናል፤ የእግሩ ጡንቻ ሲመነምን ደግሞ ትንፋሹ ይበልጥ ያጥራል። ይህን አዙሪት ለመስበር በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መመገብ፣ እንደ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስርና ዓሣ ያሉትን ማዘውተር ይጠቅማል። ሆድ ሲጠቀጠቅ ለሳንባ ቦታ ያጥረዋል። ቡና በሚፈላበት ጊዜም ዕጣኑና ቡኹሩ በሽተኛው ካለበት ክፍል ይራቅ፤ መስኮት ይከፈት።

ትንፋሽ ሲያጥር በአፍንጫ ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርን አሞጥሙጦ በዝግታ ማስወጣት ያሳርፋል። ዳገት ላይ ይህን እየሠሩ መሄድ ይቻላል።

መቆም ያልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ዲናችን ፈቅዶለታል። ይህን ሩኽሳ በመውሰዱ ማንም ሊያፍር አይገባም። ተቀምጦ መስገድ የጀመረ ሰው ግን ምክንያቱ ይመርመር። በረመዷን ኢንሄለር ጾምን ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸውና የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። በጠዋትና ማታ የሚወሰደውን መድኃኒት ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ለማስማማት ሐኪሙን አማክሩ። ትንፋሽ ጠፍቶት እያየን ግን መድኃኒቱን የምንከለክለው ሰው ሊኖር አይገባም። በሽተኛ የማፍጠር ፈቃድ ያለው ለዚሁ ነው።

መስጊዶቻችን ምን ይሥሩ?

በየካ ዳገታማ ሰፈሮች 30 ሜትር ደልዳላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የመስጊድ ግቢ ደልዳላ ነው። በየጀመዓው የሚሰግዱ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች አሉ። ወንበርና ሜትር የማይጠፋበት መስጊድ የለም። እንግዲህ የመስጊድ ኮሚቴዎች ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረው በዓመት ሁለት ቀን የትንፋሽ መለኪያ ቀን ቢያዘጋጁ ምን ይከብዳል? ለሙስሊማት በሴት ባለሙያ፣ በራሳቸው በኩል፣ ሐያቸው ተጠብቆ ይደረግ። የሚለካው ሰው ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠው፤ 2ኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

መለካቱ ብቻውን ግን ሙሉ አይሆንም። ለክተናቸው ወደዚያው ጭስ ከመለስናቸው ምን ጠቀምናቸው? አቅም የሌላት እናት ማዕድ ቤቷ መስኮትና የጭስ መውጫ እንዲኖረው፣ ከተቻለም የኤሌክትሪክ ምጣድ እንድታገኝ ማድረግ ሰደቃ ነው። ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ ቅዳሜ በቂ የሆነ ሥራ ነው።

ልጆች ሆይ! የወላጅ ሐቅ ገንዘብ መላክ ብቻ አይደለም። በዚህ ሳምንት እናታችሁን ደልዳላ መንገድ ላይ በእርምጃቸው አጅቧቸው። ምን እንደተዉ ጠይቋቸው። ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግታችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩላቸው። «ዕድሜ ነው» ቢሏችሁ በአክብሮት «ይሁን እማማ፣ ግን ለክተን እንወቀው» በሏቸው። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ሺፋው የአላህ ነው፤ መፈለጉ ግን የኛ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ፣ ለጤነኞቻችን ዐፊያ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።